አምባሰልን በአገሩ እንስማው፦ የድጋፍ ጥሪ ለወሎ ልጆችና ወዳጆች

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም የወሎ ነው። አምባሰል ተራራችን ነው፤ ባቲ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ የምናውቃት ከተማ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል»ን ለፒያኖ ጽፎ በአልበሙ አስቀርፆታል፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ያዳምጠዋል። እዚህ ደሴ ግን በዚያ ቅኝት የተጻፈ የቻምበር ሙዚቃ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሰማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ይህን ጥሪ የምጽፍላችሁ ይኼ ስለሚቆጨኝ ነው።

ቻምበር ሙዚቃ ማለት ጥቂት ሰዎች ያለ መሪና ያለ ድምፅ ማጉያ፣ እየተያዩና እየተደማመጡ የሚጫወቱት ነው። ለእኛ እንግዳ አይመስለኝም፤ አቦል ቡና ላይ ክብ ሠርቶ መቀመጥን የሚያውቅ ቤት ያውቀዋል። እኛ አምስት ነን፦ ሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ተለቅ የሚለው ቪዮላ፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት ወፍራም ድምፅ ያለው ቼሎና ማሲንቆ። የምንጫወተውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መነሻዬም ከቤተሰቤ የወረስኳቸው ሁለት ደብተሮች ናቸው።

አንደኛው የአባቴ እናት ደብተር ነው። መንዙማ ነው፣ አማርኛው በዐረብኛ ፊደል፣ በዓጀም የተጻፈ። ሁለተኛው የእናቴ አባት፣ ዋድላ ቅኔ የተማሩት መሪጌታ፣ በእጃቸው የጻፉት ነው፤ ከቃላቱ በላይ የዜማው ምልክት ደቅቆ ተደርድሯል። ያን ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ሁለቱ ደብተሮች ለዓመታት የኖሩት አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። እኔ በኖታ ስጽፍ ሦስተኛ የአጻጻፍ ዓይነት ጨመርኩበት እንጂ ዜማውን ከሌላ ቦታ አላመጣሁትም።

የመጀመሪያው ክፍል ከመንዙማው የተነሣ ነው። አንደኛው ቫዮሊን አውጪ ነው፣ ሦስቱ ተቀባይ፤ ቼሎው በጣት እየተመታ የድቤውን ቦታ ይይዛል። መሐል ላይ አውጪነቱ ወደ ቪዮላ ይዞራል፤ ሁልጊዜ ስትቀበል የኖረች ድምፅ ስታወጣ መስማት ለእኔ የሥራው ልብ ነው። ሁለተኛው ክፍል ከቅኔው ነው። ማሲንቆው የሚጫወተው ሰሙ፣ ቼሎው ከሥር ዘግይቶ የሚያወጣው ወርቁ ነው። ሁለቱ አንድ ዜማ መሆናቸው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ማሲንቆው ዝም ሲል ነው።

ማሲንቆውን ያስገባሁት ለጌጥ አይደለም። ከአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች ሁለተኛዋን ፒያኖ ከመጀመሪያዋ ግማሽ ቶን ከፍ አድርጎ አንድ ቦታ ያስቀምጣታል። የእኛ ማሲንቆ ተጫዋች ግን እንደ ግጥሙ ስሜት አንዳንዴ ዝቅ፣ አንዳንዴ ላላ አድርጎ ይይዛታል። ቫዮሊን የጣት ማቆሚያ መስመር ስለሌለው ሊከተለው ይችላል። ለዚህ ጆሯችንን እንደ አዲስ እያስተማርን ነው።

ከጽሑፍና ከራስ ሕይወት ሙዚቃ መሥራት የቆየ መንገድ ነው። የቼክ አገሩ የሙዚቃ ደራሲ ያናቼክ በ1923 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ኳርቴቱን፣ ማለትም ለአራት መሣሪያ የሚጻፍ ሙዚቃውን፣ ከቶልስቶይ ልቦለድ አንሥቶ ጻፈ። የአገሩ ልጅ ስሜታና በ1876 የገዛ ሕይወቱን፣ መስማት የተሳነውን ጆሮውን ጭምር፣ በአራት መሣሪያ ተርኮታል። በእኛም አገር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የእረኛን ዋሽንት ከኦርኬስትራ ጋር አገናኝቷል።

አምና ኮምቦልቻ ላይ ለመጫወት ሞክረን ነበር። ከደሴ ብርድ ተነሥተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ክሩን አላላው፤ መድረክ ላይ ስናጠብቀው የቼሎው አንደኛ ክር ተበጠሰ። መለዋወጫ አልነበረንም። ታዳሚው ከመቀመጫው ሳይነሣ ጠበቀን፤ እኛ ግን ሁለተኛውን ክፍል ሳንጫወት ይቅርታ ጠይቀን ወረድን። አንዲት እናት ወደ እኔ መጥተው «የቀረውን መቼ ነው የምታሰሙን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን የምንጠይቃችሁ ይኼን ነው። ለአራቱ መሣሪያዎች ሁለት ሁለት ሙሉ ክር፣ ለማሲንቆው የፈረስ ጭራና ቆዳ፣ ለልምምድ የሚመላለሱት ሁለት ጓደኞቻችን ከአዲስ አበባ ደሴ መጓጓዣ፣ የአዳራሽ ኪራይና አንድ ቀን የድምፅ ቀረጻ። ከሁሉ በፊት ግን ለማሲንቆ ተጫዋቹና ዓጀሙን ለሚያነቡልን ሸኽ ተገቢ ክፍያ። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ሽልማት ደስ ይላል፣ ኪራይ ግን አይከፍልም። ከሁለቱም ጋር የጽሑፍ ውል እናደርጋለን፤ ከቀረጻው የሚገኝ ገቢ ካለም ለአምስታችንም እኩል ይካፈላል።

ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። እያንዳንዱ ወጪ ከነደረሰኙ ለሰጡት ሁሉ ይላካል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ አንድ ክር የሚገዛላችሁን ጀባ በሉን። ቤት ያለው ለእንግዶቻችን ማደሪያ ይስጥ፤ ሚኒባስ ያለው ሐረጎን ያውርደን። የመጀመሪያው ዝግጅት ደሴ፣ ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ባቲ ነው። መግቢያው በሦስቱም ቦታ ነፃ ነው።

እቤታችሁ የዓጀም ደብተር ወይም ምልክት ያለበት የዜማ ጽሑፍ ካለ ደብተሩን አትላኩት፣ ከቤት አይውጣ። በቀን ብርሃን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡት፤ የማን እንደነበረና የትኛው መንደር እንደተጻፈ አብራችሁ ጻፉልን።