መልስ ያልሰጠሁት የድምፅ መልእክት

አዲስ አበባ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 2017

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ከጠፋሁብሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ እንኳን አደረሰሽ አላልኩሽም። ለገናም፣ ለፋሲካም። ስትደውዪ አላነሳሁም። ተቀይማኛለች ብለሽ ይሆናል። አልተቀየምኩሽም። የምነግርሽ ነገር ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ወንድሜን ማሙሽን ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል ገባ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ታይፎይድ አልነበረም። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ነው። ተርፏል፣ አሁን ደህና ነው። እማዬ ጎረቤት ሲጠይቃት ታይፎይድ አለች፣ እኔም ያንኑ ደገምኩልሽ። ለአንቺ ከዋሸሁ በኋላ ድምፅሽን መስማት ከበደኝ። ይቅር በይኝ።

መጀመሪያ ሁላችንም አንድ ምክንያት ስንፈልግ ነበር። እኔ እጮኛው ትታው ስለሄደች ነው አልኩ። አባባ ሥራ አጥቶ ነው አለ። እማዬ ዓይን ነው ብላ ጠበል ወሰደችው። የአእምሮ ሐኪሙ ግን ሴት ናት፣ ሁላችንንም አንድ ላይ አስቀመጠችን። «አንድ ነገር ብቻውን ሰውን እዚህ አያደርሰውም፣ ተጠራቅሞ ነው» አለች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?

አባባ አንገቱን ደፋ። እኛ ሳንወለድ «በሕመም ሞተ» የተባለውን ታናሽ ወንድሙን አነሳ። አያቶቼ ፍትሐት ይከለከላል ብለው ፈርተው ደብቀውት ኖረዋል። አባባም አርባ ዓመት ሙሉ ዝም ብሏል። ዶክተሯ አልተቆጣችም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጋላጭነቱ በከፊል እንደሚወረስ ያሳያሉ አለችን፤ ተጋላጭ የሆነ ሁሉ ግን እዚያ አይደርስም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቶክሆልም ውስጥ ማሪ ኦስበሪ የተባለች የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቿ በድባቴ የታመሙ ሰዎችን የአከርካሪ ፈሳሽ መረመሩ። ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል አገልግሎ ሲያልቅ የሚተወው ቅሪት አለ። ያ ቅሪት አነስ ብሎ ከተገኘባቸው ሕመምተኞች መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት ይበዙ ነበር። ይህን ለአባባ ሳነብለት አለቀሰ። ወንድሙን «ልበ ደካማ» እያለ ሲወቅሰው ነው የኖረው።

የማሙሽን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ያኔ ሥራ ካጣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ብድር ነበረበት። ሌሊት አይተኛም ነበር። ቀን ጫት፣ ማታ ጨብሲ። እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ እንዲህ አደገኛ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። መጠጥ ጭንቀቱን ያስታግሳል ብለን እኮ አንዳንዴ ገንዘቡን የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን አንድ ንግግሩ ነው። «ሸክም ሆንኩባችሁ» ይል ነበር። እኛ «ተው እንዲህ አትበል» ብለን ወሬ እንቀይራለን። ቶማስ ጆይነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ፣ የገዛ አባቱን በዚሁ መንገድ ያጣ ሰው ነው። ሰው ለሚወዳቸው ሸክም እንደሆነ ሲሰማው፣ ደግሞም የማንም እንዳልሆነ ሲሰማው፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሞት ሐሳብ ይበረታል ይላል። ማሙሽ በኋላ «ላሳርፋችሁ ብዬ ነው» አለኝ። ላሳርፋችሁ! እማዬ እስከ ዛሬ ሌሊት እየተነሳች ትንፋሹን ታዳምጣለች። አእምሮው ሲጨልም ይህን ሊያይ አልቻለም።

የሰፈራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። ለቅሶ ቢሆን ኖሮ እድሩ ወዲያው ድንኳን ይተክል ነበር፣ ሰው ሠልስት እስኪወጣ አይለየንም ነበር። ማሙሽ ስምንት ወር በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ግን ያንኳኳ የለም። እኔም አላንኳኳሁም፣ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይናገራል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። በስንቱ ቤት ታይፎይድ ተብሎ ታልፏል እላለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት በጣም እንደሚያሰጉ ነገሩን። ተራ ገብተን አብረነው አደርን። ለአደጋ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ከቤት አወጣን። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ክትትሉን አላቋረጠም። አሁን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። አሁንም ክፉ ቀን አለው። ያን ቀን ግን መጥቶ ይነግረኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለምን መሰለሽ? ጳጉሜ 5 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ራስን ማጥፋትን የመከላከያ የዓለም ቀን ሆኖ ይታሰባል። ማሙሽ ነው የነገረኝ። «ጓደኛሽ ግን እንዴት ናት?» አለኝ። ስልኬን ከፍቼ ሰኔ ላይ የላክሽውን ድምፅ ደግሜ ሰማሁት። «ደክሞኛል፤ እኔ ባልኖርስ ማን ያስተውላል» ብለሽ ሳቅሽ። ያኔ ሳቅሽን ብቻ ነበር የሰማሁት። አሁን ሆዴ ተረበሸ። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌሊቱን ትሠሪያለሽ፣ ቀን መጋረጃ ዘግተሽ እንቅልፍ ትለምኛለሽ። አባትሽን እንኳ ሳትቀብሪ ቀረሽ። ለሁሉም ትልኪያለሽ፣ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም።

ዶክተሯ ቀጥ ብለሽ ጠይቂ ብላኛለች። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም። ስለዚህ ልጠይቅሽ። ራስሽን ስለማጥፋት ታስቢያለሽ?

አዎ ብትዪኝ አልሸሽም፣ አልፈርድብሽም። ሐኪም አብረን እንፈልጋለን፣ እዚያ አጠገብሽ የሚሆን ሰውም እንጨምራለን። ይህን ስታነቢ ከባድ ሰዓት ላይ ከሆንሽ እኔን አትጠብቂ፣ 988 ደውዪ። ጭንቅ ውስጥ ያለን ሰው የሚያዳምጡበት የስልክ መስመር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሌት ተቀን ይሠራል፣ የጽሑፍ መልእክትም ይቀበላል። አስተርጓሚ ጠይቂያቸው፣ በሌላ ቋንቋም ያገናኛሉ።

ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ጠዋት ከሥራ ስትወጪ እዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ያኔ እደውላለሁ። ባታነሺ ደግሜ እደውላለሁ። ማሙሽም አጠገቤ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ንገሪያት ያለኝ እሱ ነው።

የአንቺው