«አእምሯችሁን ባዶ አድርጉ» አትበሉን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጤና አምዳችሁ አእምሮን ባዶ ስለማድረግ የወጣውን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ደሴ፣ አራዳ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። «ሐሳብ አቁሚ» ሲሉኝ እታገላለሁ፤ በታገልኩ ቁጥር ይብስብኛል።

የረዳኝ ታኦይዝም ከሚባለው ከጥንታዊው የቻይና ፍልስፍና የመጣ ሐሳብ ነው። «ዉ ዌይ» ይሉታል። ሳይታገሉ ማድረግ እንደማለት ነው፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ድፍርስ ውሃ ዝም ሲሉት ይጠራል ይላሉ። ይሄንን እኔም አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ የቧንቧው ውሃ ሲደፈርስ በባልዲ አስቀምጠዋለሁ። እጄን ከከተትኩበት መልሶ ይደፈርሳል። ከተውኩት ግን ጭቃው ቀስ እያለ ይዘቅጣል፤ ጠዋት ከላይ ኩልል ያለውን እቀዳለሁ።

አሁን ማታ ማታ «መተኛት አለብኝ» አልልም። ትንፋሼ ሲገባ ሲወጣ ብቻ አያለሁ። የቤት ኪራዩ ትዝ ካለኝም ትዝ ይበለኝ። የጦሳ ተራራን ጉም ማን ገፍቶት ያውቃል? በራሱ ጊዜ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ሳላውቀው እንቅልፍ ይወስደኛል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስትጽፉ «ባዶ አድርጉ» ብላችሁ አትዘዙ። እኔ በዚያ ትእዛዝ ስንት ሌሊት ዓይኔ ፈጦ ነግቶብኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ