ጉሩን ከወርቅ ፈላጊዎች አድኑልን

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

መንዝ ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ተማሪዬ መዳፉን ዘርግቶ ሦስት ዶቃ አሳየኝ። አንዷ ሰማያዊ ብርጭቆ ናት፤ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም። «ከጉሩ ነው ያገኘሁት፤ ወርቁ ግን ከሥር ነው ይላሉ» አለኝ። ከትምህርት በኋላ ሄጄ አየሁ። ጉር የምንለው የጥንት የድንጋይ ክምር ከአናቱ ተቦርቡሯል፣ ድንጋዩ ማሳ ውስጥ ተንከባሏል፣ የጥቁር ሸክላ ስባሪ ከአፈሩ ጋር ተደባልቋል። የቆፈሩትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ሌቦች አይደሉም። የጠፋ የግዙፎች ሥልጣኔ ሀብቱን እዚህ ቀብሯል የሚል ቪዲዮ በስልካቸው አይተው አምነው ነው።

ጉር መቃብር ነው። ተመራማሪዎች ከሻይ ወንዝ ስም ወስደው «የሻይ ባህል» ያሉት ሕዝብ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስቲያንም ሙስሊምም ሳይሆን በእነዚህ አገሮች ኖሯል። ሙታኑን ከዶቃውና ከሸክላው ጋር ቀበረ። ዶቃው በንግድ ከሩቅ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ የሚነበበው ግን ዕቃው ከነአፈሩ፣ ከነአጥንቱ በቦታው ሲገኝ ብቻ ነው። አንዴ ከተገላበጠ ማንም መልሶ አያነበውም።

በቆላው ይፋትም ኖራና አስበሪ የሚባሉ የጥንት የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች አሉ። ሽማግሌዎች አርላ የሚሏቸው ግዙፎች ሠሩት ብለው ይተርካሉ፤ ተረቱን እወደዋለሁ፣ እንዲጻፍም እፈልጋለሁ። ተረት ማንንም በዶማ አይልክም፤ ይሄ ቪዲዮ ግን ላከ።

ዚምባብዌ ላይ የሆነውን አስቡት። ቅኝ ገዢዎች የታላቁን ዚምባብዌ ግንብ ፊንቄያውያን ሠሩት እንጂ አፍሪካዊ አልሠራውም አሉ። በ1895 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ፍርስራሾች ውስጥ ወርቅ የሚፈልግ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ቀጥሎም ግንቡን «አጸዳለሁ» ያለ ሰው የነዋሪዎቹን አሻራ የያዘውን አፈር ዝቆ ጣለው። በ1905 እና በ1929 የመጡ አርኪዮሎጂስቶች የአገሬው ሥራ መሆኑን አረጋገጡ፤ የተጣለው አፈር ግን አልተመለሰም። እኛም ዘንድ ጉሩን ለግዙፍ ሲሰጡት ከእውነተኛ ባለቤቱ እየነጠቁት ነው፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያለ ፈቃድ ቁፋሮን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከልክሏል። ልጆቹ እንዲታሰሩ ግን አልጠይቅም። በየጉሩ ሥር ምን እንደሆነ በአማርኛ የሚናገር ሰሌዳ ይተከል። ባለሙያ መጥቶ በቀበሌ ስብሰባና በሰልፍ ሰዓት ለተማሪዎቹ ይንገራቸው፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል። የቀሩት ጉሮች ሌላ ክረምት ሳይመጣ ይመዝገቡ።

ሦስቱን ዶቃዎች በወረቀት ጠቅልዬ፣ የተነሱበትን ቦታ ጽፌ አስቀምጫለሁ። የሚረከበኝ ሰው ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመንዝ መምህር