የጎደለው ምክንያቱ እንጂ ሥዕሉ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እ.ኤ.አ. በ2006 ስለወጣው የጃፓኑ የአኒሜሽን ድርጅት የስቱዲዮ ጂብሊ ፊልም፣ «ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲ»፣ በባህል ገጻችሁ የጻፋችሁትን አነበብሁ። ፊልሙ ከስቱዲዮው ስም በታች ነው ማለታችሁ ልክ ነው። ጥፋቱን በሥዕሉ ላይ ማላከካችሁ ግን አልተዋጠልኝም። ሥዕሉማ ምን በደለ? ወደቡም ደመናውም የጂብሊ እጅ ያረፈበት ነው። ቴሩ የምትባለው ልጅ ሜዳው ላይ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የምታዜምበትን ትዕይንት ደግሞ ማንም አይንቀውም። ነገሩ የተበላሸው ገና ድርሰቱ ላይ ነው።

ልዑል አረን ፊልሙ እንደተጀመረ አባቱን ንጉሡን ወግቶ ሰይፉን ይዞ ይሸሻል። ለምን? ኋላ የሚሰጠው መልስ ጭጋግ ነው። ፊልሙ በተመሠረተባቸው በኧርሱላ ለ ጉዊን ተከታታይ ልብ ወለዶች ውስጥ አረን አባቱን አይነካም፤ እንዲያውም ወደ ሮክ፣ ወደ አስማተኞቹ ደሴት፣ የላከው አባቱ ነው። ደራሲዋም ግድያው ምክንያት የለሽ መሆኑን ጽፈዋል። ተመልካቹ አባትና ልጅን አንድ ማዕድ ላይ እንኳ ሳያይ እንዴት ይደንግጥ?

ሁለተኛው ስብራት ጥላው ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1968) አስማተኛው ገድ በትዕቢቱ የለቀቀውን ጥላ ባሕር አቋርጦ ያሳድደውና በመጨረሻ በገዛ ስሙ ይጠራዋል። ለካ ሲያሳድድ የኖረው ራሱን ነው። ፊልሙ ይህን ጥላ ነቅሎ ለአረን ሰጠው፤ የታሪኩን አጥንት ግን በዋናነት ከሦስተኛው መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1972) ወሰደ። ሁለቱ አልተሰፉም። ክፋቱ ሁሉ ኮብ በሚባለው አስማተኛ ላይ ተከመረና እሱ ሲቃጠል ዓለም ሰላም ሆነ። በሦስተኛው መጽሐፍ ግን ገድ በሞትና በሕይወት መካከል የተከፈተውን በር ለመዝጋት ኃይሉን በሙሉ ይከፍላል። የቴሩ ዘንዶ መሆንም እንደዚያው ነው፤ ፍንጩ ስስ ስለሆነ ሰው ይገረማል እንጂ «ለካ!» አይልም።

ይኸው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2001 በሠራው «ስፒሪትድ አዌይ» ውስጥ ባለታሪኳ ቺሂሮ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ ተረከዟ እንዲገባላት የጫማዋን አፍንጫ መሬት ላይ መታ መታ ታደርጋለች። አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ልጅቷን ግን እናውቃታለን። ለአረን እንዲህ ያለ አንድ ሰከንድ አልተሰጠውም።

ሂሳቡን እንየው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብንይዘው 12 ሥዕል ይሆናል። አባትና ልጅን የሚያሳይ የ2 ደቂቃ ትዕይንት 1,440 ሥዕል ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ካለቀ በኋላ ማን ይስለዋል? በስቶሪቦርድ ጊዜ፣ ማለትም ታሪኩ ገና በረቂቅ ንድፍ ሲደረደር፣ ቢሆን ግን ከ20 እስከ 30 ንድፍ ይበቃ ነበር። ንድፎቹን በስልክ አንስቶ፣ ድምፅ ቀድቶ፣ በሰዓታቸው ደርድሮ አንድ ጊዜ ከነድምፁ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው። ድምፁ ሲጠፋ ባለታሪኩ የሚፈልገው ነገር ካልታየ፣ ወደ ድርሰቱ መመለስ። ዳይሬክተሩ ጎሮ ሚያዛኪ ለፊልም አዲስ ነበር፤ አባቱ፣ የስቱዲዮው ስመ ጥር ዳይሬክተር ሃያዎም አልደገፈውም። እኔ ግን ጀማሪውን አልወቅስም፤ ስቶሪቦርዱን አይተው ያሳለፉት ነባሮቹ ናቸው።

እዚህ ሐዋሳም አኒሜሽን የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ የሚያምረው ዘንዶ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለውን ትልቅ አሞራ ለ3 ሰከንድ፣ ማለትም በ36 ሥዕል፣ ቢያስኬደው ይሻለዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እግሩ ላይ ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈውን መገጣጠሚያ ጉልበት ያደርጉታል፤ እሱ ግን ቁርጭምጭሚት ነው፣ ጉልበቱ ላባው ውስጥ ተደብቋል። ደግሞም አሞራው ዝም ብሎ አይራመድም፤ አጥማጁ የዓሣ አንጀት ሲወረውር አይቶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ይዙር፣ ቀጥሎ አንገቱ ይዘርጋ፤ እግሩ መጨረሻ ይነሳ።

አንድ የአኒሜሽን መምህር
ከሐዋሳ