ኮምፒውተር እስኪመጣ እርሳሱ አይቀመጥ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፕሮግራሚንግ መማር የሚፈልጉ ልጆችን ሰብስቤ አሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። በየስብሰባው «ኮምፒውተር ሲሟላ የፕሮግራሚንግ ክበብ እናቋቁማለን» ሲባል እሰማለሁ። ችግሩ እውነት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ተዘርፏል። የተረፈውም መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ይፈታል። ግን ልጆቹ እስከዚያ ምን ይሥሩ ስል የሚመልስልኝ የለም።

መልሱን እኔ ልስጥ። በእርሳስና በወረቀት መቁጠር ይማሩ።

የምን መቁጠር እንደሆነ ላስረዳ። በፕሮግራሚንግ ውድድር ላይ በጣም የተለመደ አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። ከዜሮ እስከዚያ ቁጥር ድረስ ካሉት መካከል፣ በባይነሪ ሲጻፉ ልክ ሦስት 1 የሚኖራቸው ስንት ናቸው? ይኸው ነው። ጥያቄው አጭር ነው፣ ማንም ይገባዋል።

ባይነሪ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፍ ቁጥር ነው። 22ን እንውሰድ። ለሁለት እያካፈልን፣ የሚተርፈውን እየጣልን እንውረድ፦ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። ተጋማሽ ሲሆን 0፣ ካልተጋመሰ 1 እንጻፍ። ከታች ወደ ላይ ስናነበው 10110 ይሆናል። (በዚሁ ማጋመስ ላይ የቆመ፣ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ የማባዛት ዘዴ በውጭ አገር የኮምፒውተር ትምህርት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚል ስም አለው። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ፊታቸው ይበራል።)

ኮድ የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ሉፕ ነው። ከዜሮ ተነስቶ እያንዳንዱን ቁጥር መፈተሽ፣ ሦስት 1 ያለውን መቁጠር። ለ22 ይሠራል። ለአንድ ሚሊዮንም ይሠራል። ውድድሩ ላይ የሚመጣው ቁጥር ግን ከ1 ቀጥሎ 18 ዜሮ ያለው ሊሆን ይችላል። በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ቁጥር የሚፈትሽ ኮምፒውተር ይህን ለመጨረስ ከ300 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። የሚፈቀደው ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ነው። አሥር እጥፍ የሚፈጥን ማሽን ብንገዛስ? ከ30 ዓመት በላይ። እዚህ ላይ ነው ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ የምፈልገው። ኮምፒውተር ማሟላት ብቻውን ይህን ጥያቄ አይፈታውም።

የሚፈታው በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችን ውስጥ ያለው ኮምቢኔሽን፣ ማለትም ከብዙ ነገር ጥቂቱን በስንት መንገድ መምረጥ እንደሚቻል የሚቆጥረው ሒሳብ ነው። 22ን በሰሌዳ ላይ እንዲህ ነው የምሠራው። 10110ን ከግራ እጀምራለሁ። የመጀመሪያውን 1 ወደ 0 ብቀይረው፣ ከኋላው ምንም ይምጣ ምን ቁጥሩ ከ22 ያንሳል። ስለዚህ የቀሩት አራት ቦታዎች ነፃ ናቸው። ከአራቱ ቦታ ለ1 የሚሆኑ ሦስት ቦታ እመርጣለሁ፤ 4 መንገድ አለ። አሁን ያንን 1 ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። ቀጣዩ 0 ነው፣ አልፈዋለሁ። ሦስተኛው 1 ነው። 0 ባደርገው ሁለት ቦታ ይቀራል፣ የሚጎድለኝም ሁለት 1 ነው፤ 1 መንገድ። እሱንም እመልስና አራተኛው ላይ እደርሳለሁ። 0 ባደርገው አንድ ቦታ ቀርቶ አንድ 1 ይጎድለኛል፤ እንደገና 1 መንገድ። በመጨረሻ 22 ራሱ ሦስት 1 አለው፣ እሱም ይቆጠር። ድምሩ 7። ያላመነ ዘርዝሮ ይየው፦ 7፣ 11፣ 13፣ 14፣ 19፣ 21፣ 22።

18 ዜሮ ያለው ያ ቁጥር በባይነሪ ሲጻፍ 60 ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው። ከ300 ዓመት በላይ የሚወስደው ሥራ ከ60 በማይበልጥ እርምጃ አለቀ ማለት ነው።

ይህን ባስተማርኩ ጊዜ አንድ ልጅ ነበረኝ። ከኩታበር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤተሰብ በሚላክለት ስንቅ የሚማር ነው። ኮምፒውተር የለውም። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ መቁጠር አይደለም፣ መምረጥ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ለ37 ሠራው። ኮዱን የጻፈው ከዚያ በኋላ፣ በጓደኛው ስልክ ላይ ነው። ኮዱ ጥቂት መስመር ነበር። ሥራው እኮ ቀድሞ ወረቀት ላይ አልቋል።

ምርጫዎቹን አስቀድሞ ለማዘጋጀት የፓስካልን ሦስት ማዕዘን እንጠቀማለን። እያንዳንዱ ቁጥር ከላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው፣ ከመደመር በላይ ምንም አይጠይቅም። ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1654 ጻፈበትና ስሙን ያዘ እንጂ ሕንዶችም፣ ፋርሶችም፣ ቻይናዎችም ከእሱ በፊት ያውቁት ነበር። እኛ ካርቶን ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።

ጥያቄው ሲከብድ ደግሞ የበለጠ ይጥማል። 10 ቦታ ባለው ባይነሪ ውስጥ ሦስት 1 ይኑር፣ ግን ሁለት 1 ጎን ለጎን አይሁኑ ቢባልስ? ይህን በወንበር ነው የማሳየው። አሥር ወንበር በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፤ ተማሪ ያለበት ወንበር 1፣ ባዶው 0 ነው። ሦስት ተማሪ እንደ ፈተና ቀን ተራርቀው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰባቱን ባዶ ወንበሮች እደረድራለሁ። በመካከላቸውና በሁለቱ ዳር 8 ክፍተት አለ። ሦስቱ ተማሪዎች የየራሳቸውን ወንበር ይዘው ከ8ቱ ክፍተት ሦስቱ ውስጥ ይገባሉ። ከ8 ሦስት መምረጥ 56 ነው። ተማሪ ባይኖር 1፣ አንድ ቢሆን 10፣ ሁለት ቢሆኑ 36፣ ሦስት 56፣ አራት 35፣ አምስት 6። ስንደምረው 144 ይመጣል። 144 የፊቦናቺ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ከሆነበት 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 ከሚለው ሰልፍ ውስጥ ያለ! ክፍሉ ውስጥ ጫጫታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ይጠይቃሉ። አንድ ወንበር ሲጨመር ቁጥሩ እንዴት እንደሚያድግ ሲከተሉ ምክንያቱን ራሳቸው ያገኙታል።

አዎ፣ መጨረሻ ላይ ማሽን የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ከ1,000 ቦታ 500 መምረጥ 300 ዲጂት ያለው መልስ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ሲሆን ውድድሮቹ ብዙ ጊዜ መልሱን ለ1,000,000,007 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይጠይቃሉ። እዚያ የደረሰ ልጅ ኮምፒውተር ይገባዋል፣ እኔም እጠይቅለታለሁ። ግን እዚያ የሚደርሰው ከታች የጀመረ ነው።

በዓለም የታወቀውን የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ አይሲፒሲን እዩ። አንድ ቡድን ሦስት ተማሪ ነው። አምስት ሰዓት ይሰጣቸዋል። ለሦስቱ የሚሰጣቸው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። አንዱ ኮድ ሲጽፍ ሁለቱ ወረቀት ላይ ያስባሉ። ገንዘብ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። የውድድሩ ሕግ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ኮምቢኔሽን የሚጠናው ለመግቢያ ፈተና ነው። ልጆቹ ፎርሙላውን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል። ለምን እንደሚካፈል ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በሒሳብ አላሳብብም። ነገር ግን አንድ ልጅ የሚሸመድደው ነገር ምን እንደሚሠራ አንዴ በዓይኑ ካየ ፎርሙላውን አይረሳውም። ይህን በክፍሌ ውስጥ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። ለየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህራን፦ ክበቡን ዛሬ አቋቁሙ። አንድ ክፍል፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። የሒሳብ መምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ አብሽሩ፣ ኮድ መጻፍ የማይችል መምህርም ይህን ማስተማር ይችላል።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ፦ በየሳምንቱ በአንድ ጥግ አንድ የመቁጠር ጥያቄ አትሙልን። ጋዜጣ ኢንተርኔት የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥያቄዎቹን በነፃ አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያው ይኸው፦ ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች፣ በባይነሪ ሲጻፉ ልክ ሦስት 1 ያላቸው ስንት ናቸው? ሳይዘረዝሩ፣ በመምረጥ ብቻ ይሠራ። መልሱን ከነአሠራሩ ለቀጣዩ እትም እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብ መምህርት፣ ከደሴ