«ጭንቀት» ወይስ «ጫና»? ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች በወጣው ጽሑፍ ላይ የተሰጠ አስተያየት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ የእናት ጭንቀት በጽንስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙበት ጉዳይ ከሙያ መጽሔቶች ወጥቶ ለሕዝብ መድረሱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን ከጭንቀት ካልጠበቀች ልጇን እንደምትጎዳ አድርጎ መደምደሙ ጥናቶቹ ከሚሉት ጋር ስለማይገጥም፣ ከ20 ዓመት በላይ በአዋላጅነት ያገለገልኩ እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ለእርግዝና ክትትል የመጣች አንዲት ሴት ጋዜጣውን አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛ ነበር። እርግዝናዋ 28ኛ ሳምንቱን ይዟል፤ በአራተኛው ወር ላይ ሳለች አባቷን ቀብራለች። የደም ግፊቷን ለክቼ፣ የጽንሱን የልብ ምት አሰምቻት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለችና «ሲስተር፣ ያን ሰሞን ያለቀስኩት ልጄን ጎድቶት ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ሐዘኗ ሳያንሳት የልጇ በዳይ ሆና ራሷን እንድታይ መደረጓ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ለጥያቄዋ የሰጠሁትን መልስ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል ባይ ነኝ። ተመራማሪዎቹ «ስትረስ» የሚሉት ነገር በቋንቋችን አብዛኛውን ጊዜ «ጭንቀት» ይባላል። ጭንቀት ሲባል ግን ነገሩ ከሴቲቱ ልብ የሚመነጭ፣ ብትበረታ ልትተወው የምትችለው ነገር መስሎ ይሰማል፤ «አትጨነቂ» የሚለው ምክርም የሚወለደው ከዚሁ ነው። «ጫና» ብንለው ነገሩ ይገለበጣል፤ ጫና ጫኝ አለው፣ ክብደት አለው፣ ሊወርድም ይችላል። በጥናቶቹ ውስጥ በአንድ ስም የሚለካው ሁለቱም ነው። አንዱ ተመራማሪ በሴቲቱ ላይ የደረሰውን ይቆጥራል፣ ሌላው የተሰማትን በመጠይቅ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰውነት ጫና ሲደርስበት የሚያመነጨውን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በደሟ፣ በምራቋ ወይም በፀጉሯ ውስጥ ይለካል። (ፀጉር በወር 1 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከሥሩ የተቆረጠ 3 ሳንቲሜትር ፀጉር ያለፉትን ሦስት ወራት ይናገራል፤ ይህ ዛሬም ያስደንቀኛል።) እነዚህ ልኬቶች ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው አይገጣጠሙም፤ ስለዚህም «ጭንቀት ይህን አደረገ» የሚል ዜና ሲወጣ የተለካው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ከአንባቢም ከጋዜጠኛም ይጠበቃል።

ይህን ልዩነት አጉልቶ ያሳየው በካናዳ የተደረገው ጥናት ይመስለኛል። በጥር 1998 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በኩቤክ ግዛት ለቀናት የወረደው፣ ያረፈበት ላይ ወደ በረዶ የሚለወጥ ዝናብ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ሰባብሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን በክረምቱ ብርድ መካከል ያለ መብራት አስቀርቶ ነበር፤ ከአንድ ወር በላይ መብራት ያልተመለሰላቸውም ነበሩ። ሱዛን ኪንግ የሚመሩት ቡድን በዚያ ወቅት ነፍሰ ጡር የነበሩ ወይም ጥቂት ቆይተው ያረገዙ ሴቶችን ፈልጎ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ጠየቃቸው። አንደኛው በተጨባጭ የደረሰባቸው ነው፤ ስንት ቀን ያለ መብራት ቆዩ፣ ከቤታቸው ወጥተው ስንት ጊዜ ተዛወሩ፣ ምን ጠፋባቸው። ሁለተኛው በነገሩ ምን ያህል እንደተረበሹ ነው። ልጆቹ በሁለት ዓመታቸው፣ ኋላም በአምስት ዓመት ተኩላቸው ሲመረመሩ፣ በቋንቋና በአእምሮ ብቃት መለኪያዎች ከታየው ዝቅ ያለ ውጤት ጋር በዋናነት ተያይዞ የተገኘው የመጀመሪያው፣ ማለትም የደረሰባቸው መከራ ልክ ነው። ዓመታት ቆይቶ የአንዳንዶቹ ልጆች ደም ተወስዶ ሲታይም፣ ሜቲሌሽን የሚባለው በዘረ መል ላይ የሚያርፍ ኬሚካላዊ ምልክት የተዛመደው ከመከራው መጠን ጋር እንጂ እናቶቹ ከተሰማቸው ሥቃይ ጋር አልነበረም። በሁሉም መለኪያ እንዲሁ ሆነ አልልም፤ የእናቶቹ ስሜት ድርሻ ያለው ሆኖ የተገኘበት ውጤትም አለ። ያም ሆኖ ረጋ ያለችውም ሴት የተረበሸችውም ሴት በብርድና በጨለማ የቆዩበት ቀን እኩል እስከሆነ ድረስ፣ «ተረጋጊ» የሚለው ምክር ብቻውን ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ጥናቱ እንድናስብ ያስገድዳል።

ተመራማሪዎች አደጋዎችን የሚከታተሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ጫና ከድህነት፣ ከምግብ እጥረት፣ ከሕመም፣ ከሲጋራና ከቤት ውስጥ ጥቃት ጋር ተጋምዶ ስለሚመጣ፣ የትኛው ምን እንዳደረሰ ለመለየት አዳጋች ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ጭንቀታሟን ከረጋችው መርጦ አይመታም። በ1994 በካሊፎርኒያ የደረሰው የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት ያገኛቸው ሴቶች፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ከነበሩት ይልቅ ድርጊቱን ከባድ አድርገው እንደገለጹትና የእርግዝናቸውም ዕድሜ አጠር ብሎ እንደተገኘ ላውራ ግሊንና ባልደረቦቻቸው ጽፈዋል። የተጠኑት ሴቶች 40 ብቻ ስለሆኑ ብዙ ሊያሸክሙት የሚገባ ጥናት አይደለም። ፍሎሬንሲያ ቶርቼ በበኩላቸው በ2005 ሰሜን ቺሊን የመታውን የታራፓካ መንቀጥቀጥ ይዘው የአገሪቱን የልደት መዛግብት ሲመረምሩ፣ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ የደረሰባቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች የልደት ክብደት በአማካይ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ቅናሽ እንደነበረው አግኝተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ተፈጥሮ ያላመጣው ጫና ነው። ከመስከረም 2001 የአሜሪካ የሽብር ጥቃት በኋላ ባሉት ስድስት ወራት በካሊፎርኒያ የወለዱ፣ የዓረብኛ ስም ያላቸው ሴቶች ያለጊዜው የመውለድና ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከጥቃቱ በፊት ከነበረው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸር ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በሌሎቹ ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ይህን ያጠኑት ዳያን ላውደርዴል ናቸው። እነዚህ ሴቶች ቤታቸው አልፈረሰም፣ መብራታቸውም አልጠፋም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ፣ መንገደኛውና ባለሥልጣኑ የሚያያቸው ዓይን ነው። ለእነርሱ «ራስሽን ከጭንቀት ጠብቂ» የሚለው ምክር ምን ይፈይድላቸው ነበር?

ጫናው በምን መንገድ ወደ ጽንሱ እንደሚደርስ ጽሑፋችሁ «የእናቲቱ ሆርሞን በቀጥታ ወደ ልጁ ይፈሳል» ማለቱም መስተካከል አለበት። የእንግዴ ልጁ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ቧንቧ አይደለም። ከእናቲቱ የሚመጣውን ኮርቲሶል ወደማይሠራ ኮርቲዞን የሚለውጥ ኢንዛይም ስላለው አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል፤ ለዚህም ነው ተራ ንዴትና የዕለት ሐሳብ ጽንሱን በቀላሉ የማይነካው። ከባድና የቆየ ጫና ግን ይህን ጥበቃ ሊያዳክመው እንደሚችል የሚያመለክቱ ግኝቶች አሉ። በሌላ በኩል የእንግዴ ልጁ ራሱ ኮርቲኮትሮፒን አመንጪ የሚባለውን ሆርሞን ይሠራል። ኮርቲሶል ሲበዛ አንጎል የዚህን ሆርሞን ምርት ይቀንሳል፤ የእንግዴ ልጁ ግን በተቃራኒው ይጨምራል። በ1995 የታተመ ጥናት በእርግዝናው አጋማሽ ላይ የዚህ ሆርሞን መጠን ከፍ ያለባቸው ሴቶች ያለጊዜው ለመውለድ የቀረቡ መሆናቸውን ስላሳየ፣ ተመራማሪዎቹ የምጥን ጊዜ የሚቆጥር «የእንግዴ ልጅ ሰዓት» ብለውታል። ከዚህም ሌላ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ለውጥ አለ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ መጓደል አለ፣ መጓጓዣ ወይም ፈቃድ አጥታ የምትቀርበት የክትትል ቀጠሮም አለ፤ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

ስለ መጠኑም መነገር ነበረበት። በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ተወልደዋል፤ ይህ ከ10 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እንበልና አንድ ዓይነት ጫና ይህን ዕድል በ30 በመቶ ከፍ ቢያደርገው፣ ከ100 እናቶች 10 የነበሩት 13 ይሆናሉ፤ 87ቱ ጊዜያቸውን ጠብቀው ይወልዳሉ። ለሕዝብ ጤና ባለሙያ ሦስቱ እናቶች በሺህና በሚሊዮን ሲባዙ ከባድ ቁጥር ናቸው። ክፍሌ ውስጥ ለተቀመጠችው አንዲት ሴት ግን ያው «30 በመቶ» ያለ ማብራሪያ ሲነገራት ፍርድ መስሎ ይሰማታል። የቺሊውን 50 ግራምም እንዲሁ ነው የማየው፤ በአንድ ልጅ ላይ በሚዛን ሊለይ የማይችል፣ በአንድ አገር ሕፃናት ላይ ግን ችላ የማይባል ልዩነት ነው። ጃኔት ዲፒዬትሮና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ጤነኛ የሆኑና መጠነኛ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ልጆች በሁለት ዓመታቸው በእንቅስቃሴና በአእምሮ ዕድገት ጥቂት ቀደም ብለው ተገኝተዋል። ጽሑፋችሁ ይህን አላነሳውም፤ ለማስፈራራት ስለማይመች ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ።

ይህን ስል የሚታከም ሕመምን አቃልዬ እንዳልታይ። በእርግዝና ወቅት የሚይዝ ድብርት ሕመም ነው፤ ድብርትን ለመለየት በ1987 የወጣውን የኤድንበርግ መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች በየክትትሉ ብንጠይቅ ብዙ እናቶችን በጊዜ እንደምንደርስላቸው አምናለሁ። በገጠር ፓኪስታን የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ባደረጉት የምክር አገልግሎት ላይ የተሠራውና በ2008 የታተመው ጥናት 903 እናቶችን ያካተተ ሲሆን፣ ልጆቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው በድብርት ውስጥ የቀሩት እናቶች ቁጥር አገልግሎቱን ካላገኙት ጋር ሲተያይ ከግማሽ በታች ሆኗል። የሕፃናቱ ክብደትና ቁመት ግን ከሌሎቹ ጎልቶ አልተለየም፤ ምክር ሁሉን አይፈታም። በኡራጓይ ከ2005 እስከ 2007 ለድኻ ቤተሰቦች ወርኃዊ ገንዘብ ሲሰጥ በአንጻሩ ከ2,500 ግራም በታች የሚወለዱ ሕፃናት ድርሻ ቀንሶ ታይቷል። በምጥ ወቅት ሰው ያልተለያት ሴት ምጧ አጠር እንደሚል፣ በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድሏም እንደሚቀንስ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። አዋላጅ ሁሉ ይህን ከጥናቶቹ በፊት ያውቀው ነበር፤ ሆኖም ቦታ ጠበበ እየተባለ ባል ወይም እናት ከደጅ የሚቀሩበት ማዋለጃ ክፍል ዛሬም አለ።

ወደዚያች ሴት ልመለስ። ልቅሶዋ ልጇን እንደማይጎዳ፣ ለአባት ማልቀስም በሽታ አለመሆኑን ነገርኳትና፣ እንድትቀመጥ አድርጌ ሌሊት እንዴት እንደምትተኛ፣ ማን አብሯት እንዳለ፣ ሥራዋ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋት። ከቀብሩ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሥራ መመለሷን፣ በሳምንት አራት ሌሊት ቆማ እንደምታድርና አለቃዋን ለመጠየቅ እንደምትፈራ የነገረችኝ ያኔ ነው። የሌሊት ፈረቃና ረጅም ሰዓት መቆም ያለጊዜው ከመውለድ ጋር የሚያያዙ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ ወደ ቀን ሥራ እንድትዛወርና መቀመጫ እንዲሰጣት የሚጠይቅ የሕክምና ማስረጃ ለአሠሪዋ ጽፌ ሰጠኋት።

በጽሑፋችሁ ግርጌ «ነፍሰ ጡር ልታደርጋቸው የሚገቡ» በሚል የወጡት ሰባት ምክሮች ሁሉም ለሴቲቱ የተሰጡ ናቸው፤ በረጅሙ ተንፍሺ፣ በጎ በጎውን አስቢ፣ የእግር ጉዞ አድርጊ ይላሉ። ምክሮቹ ክፋት የለባቸውም። በሚቀጥለው እትማችሁ ግን በዚያው ቦታና በዚያው የፊደል መጠን ለባሏ፣ ለአሠሪዋ፣ ለክሊኒኩ ኃላፊና በጀት ለሚመድበው ባለሥልጣን የተጻፉ ሌሎች ሰባት ምክሮች ታወጡ ዘንድ፣ የሆርሞኑንም ጉዳይ ታርሙ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ