የሮዝን ሚና ሁለት ጊዜ መጫወት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ትወና ለመማር ቆርጠሻልና የአሜሪካዊቷን ተዋናይ የቪዮላ ዴቪስን ሥራ ረጋ ብለሽ እንድታጠኚው እፈልጋለሁ።

ጁሊያርድ የተባለውን የኒው ዮርክ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በ1996 በኦገስት ዊልሰን ተውኔት ብሮድዌይ፣ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች መድረክ፣ ገባች፤ በ2001 በዚያው ደራሲ ሌላ ተውኔት የመጀመሪያውን የቶኒ የቲያትር ሽልማት ወሰደች። ሲኒማው ግን ያኔም ትንንሽ ቦታ ነበር የሚሰጣት።

በ2008 የወጣውን «ዳውት» የተባለ ፊልም እዪው። እሷ የምትታየው ከ10 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ለኦስካር እጩ ያደረጋትም ይኸው ነው። እሷ የተማሪ እናት፣ ሜሪል ስትሪፕ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆነው እየተራመዱ ያወራሉ። እናትየው የምትፈልገው ልጇ እስከ ሰኔ ድረስ በትምህርት ቤቱ እንዲቆይላት ብቻ ነው። እንባዋ ከነንፍጧ ይወርዳል፤ እሷ ግን ለመጥረግ እንኳ ሳትቆም ጉዳይዋን ታስረዳለች። ጀማሪ እዚህ ላይ ለማልቀስ ይታገላል፣ ተመልካቹም ድካሙን ያይበታል። ስለዚህ ሚና ሲሰጥሽ «ምን ይሰማታል?» ከማለትሽ በፊት «ከፊቷ ካለው ሰው ምን ትፈልጋለች?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በአንድ መስመር ጻፊው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «ፌንስስ» የተባለው የዊልሰን ተውኔት ነው። በ2010 ከዴንዘል ዋሽንግተን ጋር ሮዝን ሆና ብሮድዌይ ላይ ተጫወተች፣ ቶኒም አገኘች። በ2016 ያንኑ ሚና በፊልም ደገመችው፤ በ2017 ኦስካር ተሸለመች። ግቢው ውስጥ ባሏ ከሌላ ሴት ልጅ ሊወልድ መሆኑን ሲነግራት የምትመልስለትን ደጋግመሽ ስሚ። እንዲህ ያለው ንግግር መድረክ ላይ እስከ መጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት፤ በብሮድዌይ ደግሞ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 8 ጊዜ ነው። ከጉሮሮ የሚጮህ ይህን አይችልም፣ ድምፁ ይዘጋል። ትንፋሹ ከጎድን አጥንት በታች ይያዛል። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል፦ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ትንፋሽሽ ቀድሞ ካለቀ ሰውየው ይምጣ አይምጣ ተመልካቹ አያውቅም።

ካሜራ ፊት ሌላ ችግር አለ። አንዱ ትዕይንት መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፣ ከዚያ በባልደረባሽ በኩል ይቀረጻል። እንባሽን በሙሉ በሩቁ ቀረጻ ከጨረስሽው ለቅርቡ ምንም አይተርፍሽም። ሲኒውን በየትኛው ቃል ላይ በየትኛው እጅሽ እንዳነሳሽም አትርሺ፤ ከተሳሳትሽ ቀረጻዎቹ አይገጣጠሙም።

አሁን አንድ ገጽ ቃለ ተውኔት ምረጪ። ሦስት ቀን ያለ ምንም ስሜት ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽ የምትወስጂበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ድንች እየላጥሽ በቃልሽ በዪው። እጅሽ ሲሠራ ቃሉ ከጠፋብሽ ገና አልያዝሽውም ማለት ነው። በመጨረሻ ስልክሽን አንዴ ከክፍሉ ጥግ፣ አንዴ አንድ ሜትር ላይ አድርገሽ ቅጂው።

ሁለቱንም ላኪልኝ። የሩቁን ዓይኔን ጨፍኜ ግሶቹን አዳምጣለሁ፤ የቅርቡን ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ።

አባትሽ